ሲድኒን ለመሸሽ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር

ከጎልበርን ኒውካስል፣ ሲድኒን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ለሚሄድ ሰው፣ ቢበዛ አምስት ሰዓት ነው። እኛ ሦስት ቀን ልንሄድበት ተስማማን። ተስማማን ስል ዴዝመንድ ወሰነ ማለቴ ነው። ዴዝመንድ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የሰዓት ሰሌዳ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው፤ በሰሌዳው በተጻፈው ሰዓት የመጣ አውቶቡስ አየሁ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አሁን ደግሞ ተሳቢ ቤታችንን በመኪና እየጎተትን አገር የምንዞር አምስት ጡረተኛ ቤተሰቦች መሪ ነኝ ብሎ ራሱን ሾሟል። ማን መረጠህ ብሎ የጠየቀው የለም፣ ትልቁን ካርታ የያዘው እሱ ነዋ።

የኛ ሰው ልማድ አለው። ከቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የት፣ ሁሉም ታጣፊ ወንበሩን፣ ብርጭቆውንና መጠጡን ይዞ ይወጣል። ማንም ለማንም አይቀዳም፤ የራስህን ይዘህ መጥተህ የራስህን ጠጥተህ ትገባለህ። ወሬው ያው ጎማ ነው፣ ሽንት ቤት ነው፣ መንገድ ነው። መንገድ ከተነሳ ሲድኒ ትነሳለች። ሲድኒ ስትነሳ ደግሞ የሁሉም ፊት ክፉ አማቱ በር ላይ የቆመችበት ሰው ፊት ይሆናል።

"ተሳቢ ይዞ ሲድኒ የሚገባ ሰው ነፍሱን የጠላ ነው" አለ ዴዝመንድ፣ ካርታውን የቢራ ማቀዝቀዣው ላይ ዘርግቶ።

"በኦበረን በኩል እንውጣ" አለ ኮል። ኮል በግ ሸላች ነበር፤ ወገቡ ጎብጦ ቀርቷል፣ ምላሱ ግን አልጎበጠም።

"እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬንህ ሲጨስ እኔን እንዳትጠራኝ።"

"አንተን ከምጠራ ገደል ብገባ ይሻለኛል።"

ዴዝመንድ አልሰማውም። ጣቱን ካርታው ላይ ወደ ግራ ጎተተ፣ አሁንም ጎተተ። "ያስ፣ ቡሮዋ፣ ካውራ፣ ባተርስት፣ ማጂ፣ ከዚያ በሲንግልተን አድርገን ኒውካስል። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር። አንዲት ጭንቅንቅ የለችበትም።"

"ትንሽ ገፋ ብታደርገው እኮ የአገሩ ሌላ ጫፍ፣ ፐርዝ፣ እንደርስ ነበር" አልኩት።

"ኖሊን፣ አንቺ አትነጂም። ስለዚህ አስተያየት የለሽም።"

"እሺ ጌታዬ፣ እርስዎ እንዳሉ።"

ሚስቱ ሎርና የድንች ሰላጣዋን እያዞረች ነበር። የሎርናን ሰላጣ ማንም አይወደውም፣ ማንም ደግሞ እምቢ አይልም። ሁላችንም አንድ አንድ ማንኪያ አንስተን ዝም አልን።

ባሌ መርቭም ዝም አለ። ይሄ ሌላውን ሰው ሊያስደነግጠው ይገባ ነበር። መርቭ አርባ ዓመት የወተት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ የመንገድ ነገር ሲነሳ ከዴዝመንድ ጋር አፍ ሳይካፈት አድሮ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ብርጭቆውን እያየ፣ ማለቴ ብርጭቆው ወዳለበት እያየ፣ "የዴዝመንድ መንገድ ጥሩ ነው" አለ። ዴዝመንድ ደስ አለው። እኔ ግን ለምን እንደተስማማ አውቅ ነበር።

መርቭ ዓይኑ ጠፍቷል። ጨርሶ አይደለም፤ መሃሉ ነው የጠፋው፣ ዳር ዳሩን ያያል። እኔን ሲያየኝ ሁለት ጆሮ አለኝ፣ አፍንጫ የለኝም። ከሦስት ወር በፊት አልበሪ መነጽር ቤት ገብተን ልጅቷ መረመረችውና ፊቷ ተለዋወጠ። ዛሬ ነገ ሳትሉ ሲድኒ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ዓይን ውስጥ መርፌ ይወጋል፣ ቶሎ ከተደረሰበት የቀረው ይተርፋል፣ መኪና ግን ከአሁን ጀምሮ እንዳትነዳ አለችው። ዓይን ውስጥ መርፌ የሚለውን ሲሰማ መርቭ ተነሳና ባርኔጣውን አደረገ። ባርኔጣው የሌላ ሰው ነበር።

እና ለምን ዝም አልሽ ትሉኛላችሁ። መንጃ ፈቃዱ ከሄደ ተሳቢውን የሚጎትት የለም። ቤታችንን ከሸጥን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል፤ ያለን ቤት ጎማ ላይ ያለው ነው። እሱ ከቆመ የምንገባው ልጃችን ጃኔል ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ሲድኒ፣ ካምቤልታውን። ጃኔል ስለ ዓይኑ አታውቅም፣ ማርጀታችንን ግን ታውቃለች፤ ጋራዡን ቀለም ቀብታ ጨርሳለች። ፎቶ ልካልኛለች። ሽንት ቤቱ አጠገብ የመያዣ ብረት አስገጥማለች። እኔ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ለመቀመጥ ብረት አልይዝም። ያን ፎቶ ባየሁ ቁጥር መርቭን "ደህና ነህ፣ ንዳ" እለዋለሁ። ትክክል እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ባለፈው ወር የአንድ ሰው የፖስታ ሳጥን ገጭተን ጥለን፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ለዴዝመንድ ካንጋሮ ነው አልኩት።

አንቺስ ለምን አልነዳሽም ለምትሉ፣ ነድቼ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ተሳቢውን እንደገዛን ሰሞን፣ መርቭ ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን ሰጠኝ። ወደ ኋላ ስመጣ የሕዝብ ሽንት ቤት ግድግዳ ገጨሁ። ውስጡ ሰው ነበረበት። ሰውየው ሱሪውን እንደያዘ ወጥቶ ያለኝን እዚህ አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ መርቭ ንጂ አላለኝም፣ እኔም ልንዳ አላልኩትም፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የተውኩት።

በማግስቱ ማለዳ ተነሳን። ዴዝመንድና ሎርና ከፊት፣ እኛ ተከትለን፣ ኮል ከኛ ኋላ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ከሱ ኋላ። ሁለተኛ መሆን የኔ ብልሃት ነበር። የዴዝመንድ ተሳቢ ነጭና ትልቅ ነው፤ መርቭ ዳር ዳሩን እያየ ይከተለዋል። የቀረውን እኔ እነግረዋለሁ። እስከ ያስ ድረስ ያለው ሰፊ አውራ ጎዳና ስለሆነ ብዙም አላስቸገረኝም። በያስ ወደ ሰሜን ታጥፈን የቡሮዋን መንገድ ስንይዝ ግን ጠበበ፣ ያን ጊዜ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁና ሥራዬን ጀመርኩ።

"ትንሽ ወደ ቀኝ። በቃ። ከፊት የጭነት መኪና እየመጣ ነው፤ አትንቀሳቀስ፣ እንዲሁ ሂድ። አለፈ።"

"አይቼዋለሁ" ይላል መርቭ።

"አዎ አይተኸዋል። ድልድይ አለ፣ ጠባብ ነው። ዴዝመንድ ቀነሰ፣ ቀንስ።"

"ዴዝመንድ ሁሌ ይቀንሳል። ዳክዬ ሲያይ ይቀንሳል።"

"ያ ቀርፋፋ። ሠላሳ ዓመት ሰው ፌርማታ ላይ ሲያቆም ኖሮ አሁን ደግሞ እኛን ያዘ። ቁምጣውንስ አየኸው ትናንት?"

"አላየሁትም።"

"ከዓይንህ መጥፋት ያገኘኸው ትርፍ እሱ ነው። ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ብዙ አይደለም። ሎርናም ብትሆን ያን ድንች በምን እንደምትለውሰው እግዜር ይወቅ፣ ከትናንት ጀምሮ ጥርሴ ላይ ተጣብቆ አለ።"

መርቭ ሳቀ። ሲስቅ ደስ ይለኛል፤ ከሦስት ወር ወዲህ ብዙም አልሳቀም። መኪና ለመኪና የምንነጋገርበት ሬዲዮም ከያስ ወዲህ ዝም ብሎልኛል። ሁላችንም ቻናል አሥራ ስምንት ላይ ነን፣ ወትሮ ዴዝመንድ በየአምስት ደቂቃው "ሁሉም ደህና ነው?" እያለ ጆሮ ያደነቁራል። አሁን ትንፍሽ የለም። ተመስገን ብዬ ብስኩት ከፈትኩ።

ብስኩቱን ለመርቭ ሳጎርሰው ነው የሆነው። ቀና ስል የዴዝመንድ ተሳቢ ብርቱካናማ የመንገድ ሥራ ሾጣጣዎች መሃል ገብቷል። ከኋላው ብርቱካናማ ልብስ የለበሰች ሴት ወደ መንገዱ ወጥታ ቁም የሚለውን ምልክት እያዞረች ነው። መርቭ ነጩን ሳጥን እየተከተለ ነው። እግሩ ፍሬን ላይ የለም።

"ቁም" አልኩ። ሁለተኛውን ጮህኩት። "መርቭ፣ ቁም፣ ሰው አለ!"

ፍሬኑን ረገጠው። ተሳቢው ከኋላ ገፋን፣ ጎማው ጮኸ፣ የብስኩቱ ቆርቆሮ ከፊት መስተዋቱ ጋር ተላተመ። ቆምን። ሴትየዋ ከመኪናችን አፍንጫ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ምልክቷን በሁለት እጇ አንቃ ቆማለች። አልሸሸችም። ለመሸሽም ጊዜ አልነበራትም።

ዞራ ወደኔ መስኮት መጣች። አርባ ዓመት ይሆናታል፣ አፍንጫዋ ላይ ነጭ የፀሐይ ቅባት ለጥፋለች። ስትናገር ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር።

"እማማ፣ ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን። አንቺስ?"

"እኔ እንጃ" አለች። "ይሄ ምልክት ለጌጥ አይደለም የተያዘው። ሩብ ሰዓት ትቆያላችሁ፤ ከወዲያ በኩል ያሉት ይለፉ።" ተመልሳ ቦታዋ ቆመች። ሲጋራ አውጥታ ሳታቀጣጥለው መልሳ ኪሷ ከተተችው። እሷን ሳይ እንባዬ መጣ። የአንዷ ልጅ ትሆናለች፣ የአንዱ እናት ትሆናለች፣ ማታ የሚጠብቃት ሰው አለ፤ እኔ ደግሞ ለአንድ የሽንት ቤት ብረት ብዬ ልገድላት ነበር።

ኮል ከኋላ ወርዶ ጎብጦ እያዘገመ መጣ። በሬን ከፈተ። ፊቱ ላይ የወትሮው ፌዝ የለም።

"ኖሊን፣ ከወንበርሽ ተነሺ።"

"ለምን?"

"ማይኩ ላይ ተቀምጠሽበታል። ከያስ ጀምሮ።"

ተነሳሁ። የሬዲዮው ማይክ ከትራሴ ሥር፣ ቁልፉ እንደተጫነ ቁጭ ብሏል። እሱ ከተጫነ የኛ ወሬ ለሁሉም ይሰማል፣ የሌላው ወደኛ አይመጣም። ብድግ ስል ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፣ ወዲያው የዴዝመንድ ድምፅ መጣ፣ ታፍኖ እንደቆየ ሰው።

"ኖሊን። በመጨረሻ። ከመንገድ ሥራው አልፈን የእህል ጎተራው ግቢ ቆመናል። ሰው ተጎዳ?"

"ማንም አልተጎዳም።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።" ትንሽ ቆየ። "ቁምጣው የሎርና ስጦታ ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እሷንም አመሰግናት ነበር። ማይኩን ቦታው ላይ ሰቀልኩት።

"ስለኔ አንዲት ነገር አላልሽም" አለ ኮል። "ትንሽ ቅር ብሎኛል።" ከዚያ በኔ በኩል አጎንብሶ መርቭን አየው። "መርቭ፣ ሁላችንም ሰምተናል። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትልህ። ካንጋሮውም ካንጋሮ አልነበረም ማለት ነው?"

መርቭ መሪውን እንደያዘ ነው። "አይቻታለሁ" አለ።

"ማንን?"

"ሴትየዋን። አይቻታለሁ። ፍሬኑ ነው የዘገየው።"

ኮል እኔን አየኝ። እኔ ጉልበቴን አየሁ። አርባ አራት ዓመት አብሬው ስኖር መርቭ ዋሽቶኝ አያውቅም ብል ውሸት ይሆናል፣ ግን እንዲህ ልጅ በሚመስል ድምፅ ዋሽቶ አያውቅም። ከኋላ ያሉትም ሁለቱ ባሎች መጡና አስፋልቱ ላይ ክብ ሠሩ። ወንበር ብቻ ነበር የጎደላቸው። አንዱ ተሳቢያችሁን እኔ ልጎትት ይላል፣ ሌላው ያንተ ሚስት መንዳት ስለማትችል ያንተን መኪና ማን ይነዳል ይላል፣ ኮል ሁለቱን እየተመላለስኩ አደርሳለሁ ይላል፣ አንዱ ደግሞ እኔ ብሆን በመጀመሪያም በኦበረን ነበር የምመጣው ይላል። ስለ መርቭ እያወሩ እሱን የሚያናግረው ጠፋ። ገና በሕይወት እያለ የሚለቀስለት ይመስል ነበር።

ደሜ ፈላ። "በቃችሁ" አልኩ። "ወደየመኪናችሁ ሂዱ።"

"እና ማን ሊነዳ ነው?" አለ ኮል።

ሴትየዋ ወገብ ላይ ያለው ሬዲዮ ተንጫጫ። ምልክቷን አዞረች፤ ቀስ ይላል። ከተሳቢዎቹ ኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ክላክስ ጀመረ። ወረድኩ፣ በመኪናው ፊት ዞሬ የመርቭን በር ከፈትኩ።

"ውረድ።"

"ኖሊን፣ አንቺ አትችይም።"

"አልችልም። አንተም አትችልም። የኔ አለመቻል ግን ዓይን አለው። ውረድልኝ።"

ወረደ። መኪናውን በእጁ እየዳሰሰ ዞረ፤ ከሦስት ወር ወዲህ ሰው ፊት መኪና ሲዳስስ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። መቀመጫውን ወደ ፊት ሳብኩ፣ ስፖኪዮውን አስተካከልኩ፣ ስፖኪዮው ውስጥ ያ ሁሉ ቤት ከኋላዬ ተገትሯል። ማርሽ አስገብቼ ለቀቅሁት፣ መኪናው ነጥሮ ሞተሩ ጠፋ። ኮል ከኋላ በማይኩ "ቀስ ብለሽ" አለ። ደግሜ አስነሳሁት። በሴትየዋ አጠገብ ሳልፍ ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም።

በሠላሳ ነው የነዳሁት። ሰው ቢሮጥ ይቀድመኛል። መርቭ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ በኔ ወንበር ምን እንደሚደረግ አያውቅም።

"ጠጠር ላይ ነሽ" አለኝ።

"እንዴት አወቅህ?"

"ይሰማል። ወደ ቀኝ ነይ።"

ወደ ቀኝ መጣሁ። ትክክል ነበር። አልነገርኩትም።

ሾጣጣዎቹ አለቁ። ትንሽ ሄድን። ከዚያ መርቭ "ምን ያህል ቀርቶኝ ነበር?" አለ።

ምን እንዳለ ገብቶኛል። ሦስት ወር ሙሉ ሲጠይቀኝ የምመልስለት አንድ መልስ ነበረኝ፤ ደህና ነህ፣ ሰፊ ነው፣ ብዙ ይቀርሃል። አፌ ላይ መጥቶም ነበር።

"ሁለት እርምጃ" አልኩት።

"የኔ እርምጃ ወይስ ያንቺ?"

"የኔ።"

መርቭ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም አላባበልኩትም፤ የማባብልበት ነገር አልነበረኝም፣ ብቻ ነዳሁ።

የእህል ጎተራው ግቢ ከባድ መኪና የሚዞርበት ሰፊ ነው። ዴዝመንድና ሎርና ከመኪናቸው ወርደው ጥላ ሥር ቆመዋል። ዴዝመንድ ሱሪ ቀይሯል። ረጅም ሱሪ። ከጎኑ ስቆም መሪውን የያዝኩት እኔ መሆኔን አይቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ስለ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ሁሉም ያውቃል።

ሎርና በመርቭ መስኮት መጣች። "የኔ ወንድም" ብላ እጁን ያዘችው። ለኔ ደግሞ "ሰላጣው ማዮኔዝ ነው ኖሊን፣ ማዮኔዝ ብቻ" አለችኝ። ይቅርታ አልኳት። ከልቤ ነው።

ዴዝመንድ ካርታውን ኮፈናችን ላይ ዘረጋ። ሰው ሲጨነቅ የሚያደርገው የየራሱ አለው፤ እሱ ካርታ ይዘረጋል። "አስቤበታለሁ" አለ። "ኮል ይንዳላችሁ። ዛሬ ካውራ እናድራለን፣ ነገ ባተርስት፣ ጭንቅንቅ ያለበት አንድ ቦታ የለም፣ ማንም ምንም ሳያውቅ..."

"ዴዝመንድ" አለ መርቭ። "ሲድኒ የሚገባው በየት ነው?"

"አቤት?"

"ወደ ሲድኒ። ተሳቢ ይዞ። በየት ይገባል?"

ዴዝመንድ ካርታውን አየ። ኮል መጥቶ አየ። የቀሩትም ሁለቱ መጡ። እነዚህ ሰዎች ሲድኒን በምሥራቅ በባሕሩ በኩል ሲቀር በሁሉም በኩል ዞረዋታል፤ በሌሊት ብትቀሰቅሷቸው አሥራ አራት ማለፊያ መንገድ በቃላቸው ይሉላችኋል። ጣት በጣት ላይ ተደራረበ። ዴዝመንድ ጣቱን ያስ ላይ አሳረፈና ወደ ምሥራቅ ትንሽ ወሰደው፣ መልሶ አነሳው፣ ምድጃ የነካ ይመስል።

"ገብቼ አላውቅም" አለ። "ማለቴ፣ በተሳቢ። እንጃ።"

"ምልክት አለ እኮ" አለች ሎርና። "ያስ አጠገብ። ሰማያዊ ነው። ሲድኒ ይላል፣ ቀስት አለው።"

"እናንተ ቀጥሉ" አልኳቸው። "እኛ እንመለሳለን።"

መርቭን አየሁት። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። "መርፌው ያማል ይሆን?" አለኝ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

"ዓይን ውስጥ ነው መርቭ፣ እንዴት አያም" አልኩት። "እጅህን እይዝሃለሁ።"

ግቢውን በትልቁ ዞርኩት። ኮል ከፊቴ እየሮጠ፣ ሩጫ ከተባለ፣ እጁን እያወናጨፈ መራኝ። አንዲት በርሜል ገጨሁ። ባዶ ናት። ከዚያ አፍንጫችን ወደ መጣንበት ዞረ፣ በስፖኪዮው አራት ተሳቢ ቤትና አሥር የሚሆን የሚወዛወዝ እጅ አየሁ፣ ከነሱ ጋር ለዘጠኝ ዓመት ስጨቃጨቅ የኖርኩት ሴትዮ ሁለት ጊዜ ክላክስ አሰማኋቸው።

ሾጣጣዎቹ ጋ ስንደርስ በዚህኛው ጫፍ ያለው ሰውዬ አሳለፈን። አንዱን መንገድ ይዘን ቀስ እያልን ስንወጣ፣ ሴትየዋ በወዲያኛው ጫፍ ከኛ ፊት ለፊት የመጣውን አቁማ ጎን ላይ ቆማለች። መርቭ የጠጠሩ ድምፅ ሲለወጥ አወቀ።

"እሷ ናት?"

"እሷ ናት።"

"አቁሚልኝ።"

"መንገድ መሃል ነን።"

"ኖሊን፣ አቁሚልኝ።"

አቆምኩ። መስኮቱን አወረደ። ሴትየዋ ቀረበች፣ አወቀችን፣ ፊቷ ጠቆረ። መርቭ ባርኔጣውን አወለቀ። የእርምጃዋን ድምፅ ተከትሎ ፊቱን ወደሷ አዞረ፣ በዳር ዳሩ ሊያያት ትንሽ ዘንበል አደረገው።

"እኔ ነኝ የነዳሁት" አለ። "አላየሁሽም። ምልክቱንም አላየሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ሴትየዋ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና ዓይኑን አየችው።

"አውቃለሁ አባባ" አለች። "እስከምትቆም ድረስ ዓይን ዓይኔን እያየኸኝ ነበር የመጣኸው።"

ከኋላችን ያሉት ክላክስ ያሰማሉ። መርቭ አንገቱን ነቀነቀ፤ መስኮቱን ለመዝጋት ቁልፉን ፈለገ፣ አጣው፣ እኔ ዘጋሁለት። ሴትየዋ ጎን ሆና በእጇ እለፉ አለችን።